ለአንዱ የተከፈተ በር

በጋሞ ባህል «ማላ» የሚባለው መሬት ያለው፣ ዱቡሻ ላይ ተነስቶ የሚናገር፣ ሃላቃ ሆኖ የሚሾም ሰው ነው። ስለ ጋሞ ደጋ የጻፈችው አንትሮፖሎጂስት ዴና ፍሪማን ቃሉን «ዜጋ» ብላ ትተረጉመዋለች።

ሸክላ የሚሠራው «ማና» እና ቆዳ የሚያለፋው «ደጋላ» ግን እዚያው ተወልደው፣ ያንኑ ቋንቋ እየተናገሩ ከዚህ ዜግነት ውጭ ኖረዋል። በብዙ ደሬዎች የእርሻ መሬት አልነበራቸውም፤ ሃላቃ አይሆኑም፤ ከማላ ጋር አይጋቡም። ማላው ግን እነሱ በሠሩት ድስት ይበላ፣ ባለፉት ቁርበት ላይ ይተኛ ነበር።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ማድረግን ከለከለ። በወረቀት ነገሩ አልቋል። የጋብቻ ጥያቄ ሲመጣ ግን ዛሬም የዘር ሐረግ ይቆጠራል፤ «ጎሜ ይሆናል» የሚለው ፍርሃትም አልጠፋም።

ብዙ ሰው መፍትሔው ትምህርትና ገንዘብ ነው ይላል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ተምሮ አርባ ምንጭ ላይ ሥራ ሲይዝ «እሱማ ከእነሱ አይቆጠርም» ይባልለታል። ሙገሳ ይመስላል፤ ግን እሱን ሲያወጣ እናቱን እዚያው ይተዋል።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ በሌላ አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ዜግነት የሚሰጠው «ነጭ» ለሆነ ስደተኛ ነበር፤ በ1870 አፍሪካውያን ተጨመሩ። ከሶርያ የሄዱ ስደተኞች ፍርድ ቤት እየቀረቡ ነጭነታቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። ጆርጅ ዳው በ1914 በሳውዝ ካሮላይና ዳኛ ተከለከለ። ሶርያውያን ክርስትና ከወጣበት ምድር መምጣታቸው ሳይቀር ለክርክሩ ቀርቦ ነበር። በ1915 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት «ሶርያውያን ነጭ ናቸው» ብሎ ፈረደለት።

ዳው ገባ፤ መስፈርቱ ግን አልተነካም። በ1923 የሕንድ ተወላጁና በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለው ባጋት ሲንግ ቲንድ በዚያው መስፈርት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጣለ። ዘርን ለዜግነት መስፈርት ማድረግ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1952 ነው።

ዳው አይወቀስም፤ የተዘጋበት ሰው ባገኘው በር ይገባል። ጥፋቱ የመስፈርቱ ነው። ጋሞ ላይም ጥያቄው «ይህ ሰው ከማላ ጋር ለመቆጠር በቅቷል ወይ?» እስከሆነ ድረስ፣ አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ያላለፉት ይበልጥ ይናቃሉ። መቅረት ያለበት ጥያቄው ራሱ ነው።

ይህን ለማድረግ ከአዲስ አዋጅ ይልቅ የሽማግሌ ቃል ይበልጣል። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ፣ ለበቀል የተነሳውን የአርባ ምንጭ ወጣት ያስቆሙት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ አባቶች ናቸው። አገር በአድናቆት አይቷቸዋል። ያ ሣር ለማንም ሳያዳላ ሰውን ሁሉ የሚያስከብር ከሆነ፣ ዱቡሻ ላይ ተይዞ «የሸክላ ሠሪው ልጅ ልጃችን ነው፤ ጋብቻውም ጎሜ አይደለም» ቢባልበት ማን ይጥሰዋል?