ከመዶሻ ወደ እስትንፋስ

ለፒያኖ የተደረሰ ሥራ ለናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲቀናበር ይከብራል ወይስ ይዋረዳል? ጥያቄው የሙዚቀኞች ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር፣ ባዕድ ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዕሩን ያነሣ ሁሉ በዚሁ ጥያቄ መፈተኑን ያስታውስ። አቀናባሪም ተርጓሚ ነውና። ቀን ቀን በባንክ መስኮት የምውል ሰው በመሆኔ ነገሩን በምንዛሪ እመስለዋለሁ፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ምንጊዜም ልዩነት አለ። በእኔ አስተያየት መልካም አቀናባሪ ማለት ይህን ልዩነት አምኖ የሚከፍል፣ በዝውውሩ የጠፋውንም በጩኸት ለመሸፈን የማይሞክር ሰው ነው።

ለዚህ ክርክር የሩሲያዊውን የሞደስት ሙሶርግስኪን «ሥዕሎች በዐውደ ርእይ» ምስክር አድርጌ እጠራለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሙሶርግስኪ ወዳጅ የነበረው አርክቴክትና ሠዓሊ ቪክቶር ሃርትማን በ1873 በ39 ዓመቱ ሞተ። በተከታዩ ዓመት ሥራዎቹ በሴንት ፒተርስበርግ ለሕዝብ ታዩ፤ ዐውደ ርእዩ እንዲዘጋጅ ካደረጉት መካከል ሐያሲው ቭላዲሚር ስታሶቭ ይገኝበታል። ሙሶርግስኪ በዚያው በ1874 ሰኔ ወር አሥር ሥዕሎችን በዜማ ጻፈ፤ በመካከላቸውም እየተመላለሰ የሚሰማ የእግር ጉዞ ዜማ አኖረ። ያ ጉዞ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚያልፈው የራሱ የሐዘንተኛው እርምጃ ነው። ሁሉንም የጻፈው ለአንድ ፒያኖ ብቻ ነበር።

ደራሲው በ1881 አረፈ፤ ሥራውም በ1886 በኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ እየታረመ ታተመ። በ1922 ሞሪስ ራቬል በሰርጌ ኩሴቪትስኪ ጠያቂነት ለሙሉ ኦርኬስትራ አቀናበረው። የመክፈቻውን የእግር ጉዞ ለብቸኛ ትራምፔት፣ በበሬ የሚጎተተውን ጋሪ ደግሞ ለቱባ ሰጠ። በፒያኖው ውስጥ ናስ መኖሩን ያሳየን እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ቆይቶም በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ኤልጋር ሃዋርዝ፣ ራሱም ትራምፔት ነፊ የነበረው፣ ሥራውን ፊሊፕ ጆንስ ላቋቋመው የናስ ጓድ አቀናበረው፤ ቫዮሊኑና ክላርኔቱ ሁሉ ቀርተው ናስና የምት መሣሪያዎች ብቻ ቆሙ።

ለመሆኑ በዚህ ዝውውር የሚለወጠው ምንድን ነው? የፒያኖ ድምፅ የሚወለደው መዶሻ ክርን ሲመታ ነው፤ ከተወለደባት ቅጽበት ጀምሮም መሞት ይጀምራል። ተጫዋቹ ፔዳሉን ቢረግጥ ሞቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ አንዴ የተመታን ድምፅ መልሶ ማሳደግም አይችልም። የናስ ድምፅ ግን ከከንፈር ንዝረትና ከሳንባ አየር ይወለዳል። ነፊው ከፈለገ በለሆሳስ ጀምሮ እስከ ነጎድጓድ ሊያሳድገው ይችላል። ሆኖም ትንፋሹ ያልቃል፤ ከንፈሩም ይዝላል። እንግዲህ አቀናባሪው የሚለዋውጠው አንዱን ሟችነት በሌላው ሟችነት ነው፤ የክሩን መድከም በሰውየው መድከም ይተካል።

ሥራው በዝርዝሩ ሲታይ እንደ ሒሳብ መዝገብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ ዐሥር ጣቶችም በአንድ አሳብ ይታዘዙለታል። በናሱ ጓድ ግን እያንዳንዱ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል። የእግር ጉዞው ዜማ በቢ ፍላት ሜጀር የተጻፈ በመሆኑ ለትራምፔት እንደ ቤቱ ይመቸዋል። «አሮጌው ግንብ» የተጻፈው ግን በጂ ሻርፕ ማይነር ነው፤ የቢ ፍላት ትራምፔት ከሚሰማው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ስለሚጻፍለት፣ ያው ዜማ በነፊው ገጽ ላይ ሰባት ሻርፕ ተሸክሞ ይቀርባል። አቀናባሪው ስሙን ለውጦ በአምስት ፍላት ቢጽፍለት ድምፁ ያው ነው፤ የነፊው ጭንቀት ግን ይቀልላል። «ያልተፈለፈሉ ጫጩቶች ጭፈራ» የመሰለው ፈጣን ክፍል ደግሞ ለአንድ ነፊ የሚቻል አይደለምና ለብዙዎች መከፋፈል ይኖርበታል። ይህ ዘዴ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ እንቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ ተቀባብለው አንድ ዜማ ሲያቆሙ እናውቃለንና።

«ለዋናው ታማኝ ሁን» የሚለው ምክር ቀላል የሚመስለው ግን ዋናው የቱ እንደሆነ እስክንጠይቅ ድረስ ነው። ከጋሪው ክፍል እንነሣ። በሙሶርግስኪ የእጅ ጽሑፍ ጋሪው ገና ከመነሻው በከፍተኛ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ በሬዎቹ ድንገት ከፊታችን ይቆማሉ። በ1886ቱ እትም ግን በለሆሳስ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያድጋል። ራቬልም የተከተለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናውቀው ያ ከሩቅ እየቀረበ የሚመጣው ጋሪ የአራሚው ነው፤ የደራሲው ጋሪ ሌላ ነበር። ዛሬ ለናስ የሚያቀናብር ሰው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው። እኔ የደራሲውን እመርጣለሁ፤ ከባድ ሸክም ፊት ለፊት ሲመጣ የሚያስደነግጠውን ያህል ከሩቅ ተጠብቆ ሲመጣ አያስደነግጥምና።

ትልቁ ፈተና ያለው ግን በመጨረሻው «ታላቁ የኪየቭ በር» ነው። ሁሉም አድማጭ የናሱን ግርማ ሊሰማ እዚያ ይጠብቃል። ይሁንና ሃርትማን የነደፈው ያ በር ከቶ አልተሠራም፤ በወረቀት ላይ ቀርቶ ባለቤቱም ሞተ። ፒያኒስቱ በዐሥር ጣቶቹ የካቴድራል ደወል ለመሆን ሲታገል፣ ክሩም ከእጁ ሥር ሲደክምበት፣ ያልተሠራን በር በድምፅ ለማቆም የሚደረገውን ጭንቅ እንሰማለን። ናስ ግን ያንን ግርማ ያለ ጭንቅ ያገኘዋል። አደጋውም ይኸው ነው፤ ያለ ልፋት የተገኘ ግርማ የወዳጅ መታሰቢያነቱን ያጣና የሰልፍ ሙዚቃ ይሆናል። ስለዚህ አቀናባሪው ኃይሉን መቆጠብ አለበት። ትራምፔቶቹ ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሮ ሲጮኹ ከዋሉ፣ በሩ ላይ የሚደርሱት ተናግረው የጨረሱ ሰዎች ሆነው ነው። በ«አሮጌው ግንብ»ም ከዳር እስከ ዳር የማይቋረጠውን የባስ ድምፅ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ቢይዙት ተገቢ ነው፤ ዜማውን ግን ለአንድ ነፊ ብቻ እንዲተውለት እሻለሁ። አየር ሲያጥረው ይተንፍስ፣ እኛም መተንፈሱን እንስማ። በፒያኖው የክሩ መድከም የሚናገረውን በናሱ የሚናገረው ያ ትንፋሽ ነውና።

«ናስና ሐዘን ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ አይጠፋም። የናስ ድምፅ በአገራችን ጆሮ ከክብረ በዓልና ከሰልፍ ጋር ተጣብቆ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸውን «አርባ ልጆች» እናስብ። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱን የክብር ሙዚቃ በናስ መሣሪያ ያሰሙ የነበሩት እነዚያ ወጣቶች፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የክብሩ ድምፅ የወጣው ቤተሰቡን ካጣ ሰው ሳንባ ነው። ናስ ሐዘን አይችልም የሚል ሰው መሣሪያውን እንጂ ነፊውን አላሰበም።

ሌላው ተቃውሞ «ለፒያኖ የተጻፈው ለፒያኖ ይቅር» የሚለው ነው። አከብረዋለሁ፤ ግን አልቀበለውም። ትርጉም ዋናውን አይፍቅም፤ የፒያኖው ጽሑፍ ዛሬም በቦታው አለ። ደግሞስ ሙሶርግስኪ ራሱ ቀለምን ወደ ድምፅ የመለሰ ተርጓሚ አልነበረምን? ሃርትማን ካሳያቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፣ ጠፍተዋል። ዋናው ጠፍቶ በሕይወት የቀረው ትርጉሙ ነው። ሙሶርግስኪ «ሥዕል በሥዕልነቱ ይቅር» ብሎ እጁን ቢሰበስብ ኖሮ፣ ሃርትማን የሚባል ሰው መኖሩን ከእኛ መካከል ስንቶቻችን እናውቅ ነበር?

ስለዚህ ይቀናበር፤ ለናስም ለሌላውም። ከአቀናባሪው የምንጠይቀው ሙሶርግስኪ ለወዳጁ ያደረገውን ያህል ነው፤ የማይተላለፈውን በአዲሱ መሣሪያ ልክ ደግሞ ይፍጠረው፣ ያልቻለውንም በዝምታ ይለፈው። በዝምታው ውስጥ ነፊው አየር ይስብበታል።