ክብርና እንጀራ

ሀገሩን በሞያው ላስከበረ ሰው የሚደረግለት እልልታ የአንድ ቀን ነው፤ ኑሮው ግን የዕድሜ ልክ ነው። የአሜሪካዪቱ የቴኒስ ተጫዋች የአልቲያ ጊብሰን ታሪክ ይህን ያስረዳል።

ይህች ሴት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓመት በደቡብ ካሮላይና ከድኻ ገበሬዎች ተወልዳ በኒውዮርክ በሐርለም ሠፈር አደገች። ጥቁሮች ከታላላቅ ውድድሮች ተከልክለው ሲኖሩ፥ በ1950 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ ውድድር በመግባት ለወገኖችዋ በር ከፈተች። በ1956 በፈረንሳይ፥ በ1957ና በ1958 በዊምብልደንና በአሜሪካ ድል አደረገች፤ በ1957 የዊምብልደንን ሽልማት ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ተቀበለች።

ነገር ግን የዚያን ዘመን የውድድር ደንብ ለአሸናፊ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክል ስለ ነበረ፥ ዋንጫው ቤቷን ሲያስጌጥ መሶቧ ባዶ ቀረ። በ1958 ከነዚህ ውድድሮች ወጥታ በዘፈን፥ ኋላም በጎልፍ ጨዋታ እንጀራዋን ፈለገች። በስተርጅናዋ ታማና ተቸግራ ሳለች፥ የቀድሞ የጨዋታ ጓደኛዋ አንጀላ በክስተን ርዳታ አሰባሰበችላት። በ2003 ዐረፈች፤ በ2019 በኒውዮርክ ሐውልት ቆመላት።

ሐውልቱ የሚገባት ነው። ዳሩ ግን ሐውልት እንጀራ አይሆንም፤ ለሙት ከሚቆም ድንጋይ ይልቅ ለሕያው የሚቈረጥ ጡረታ ይበልጣል። ስለዚህ በሞያተኞቹ የሚከበር ሕዝብ ሁሉ፥ ጕልበታቸው ሲደክም የሚጦሩበትን ደንብ አስቀድሞ ሊያቆምላቸው ይገባዋል።