ምስር በቅቤ፣ ምስር በዳጣ

ወላይታ ሲነሳ ሰንጋው አብሮ ይነሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ልኳንዳ ቤት የከፈተ ሰው በሩ ላይ «የወላይታ ሰንጋ» ብሎ ከጻፈ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። በላተኛው ገብቶ ቢላዋውን ያነሳል፣ ዳጣው በትንሽ ሳህን ይቀርባል፣ ወሬው ይቀጥላል።

ሰንጋውን ያደለበው ገበሬ ቤት ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ወላይታ በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ በጣም ከተጠጋጋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ማሳው ጠባብ፣ ግጦሹ ከጠባብም ጠባብ። ስለዚህ በሬው ቤት ታስሮ፣ የስኳር ድንች ሐረግና የእንሰት ቅጠል እየቀረበለት፣ እንደ ሙሽራ ተቀልቦ ይሰባል። ሲሰባ ይሸጣል። የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጆቹ ደብተርና የጣሪያው ቆርቆሮ የሚወጡት ከእሱ ነው። ቤተሰቡ ስጋ እስኪጠግብ የሚበላው በጊፋታ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ በሚከበረው የዘመን መለወጫ። ለዚያ ቀን ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅመው በሬ በቅርጫ ይገዛሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው ያጠራቅማሉ። ከአንዱ ጊፋታ እስከ ሌላው ያለው ጊዜ ግን ረጅም ነው።

በዚህ ረጅም ጊዜ ድስቱና ምጣዱ ላይ ምን አለ? ቆጮ፣ ስኳር ድንች፣ ጎዳሬ፣ ቦዬ፣ በቆሎ፣ ጎመን። ሆድ ይሞላሉ፤ እንሰት እንዲያውም ድርቅን ተቋቁሞ ስንት ክፉ ቀን ያሳለፈ ተክል ነው። ሆኖም 100 ግራም ቆጮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም፤ ስኳር ድንቹና ጎዳሬውም ከዚያ አይሻሉም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው የሚገባቸውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል። የዚህ መቀጨጭ ምክንያት ብዙ ነው፤ በሥራ ሥርና በእህል ብቻ የሚሞላ ሳህን ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

ምስር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ቀይ ጥሬ ስጋ 20 ግራም ገደማ። ይህን ቁጥር ይዞ «ምስር ስጋን በለጠ» ብሎ የሚፎክር አይጠፋም፤ ፉከራው ግን ውኃውን ይረሳል። ምስር ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ እና 100 ግራም የበሰለ ምስር የሚሰጠው ዘጠኝ ግራም ያህል ነው። ቢሆንም ከቆጮው ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ አይደለም። የምስር ፕሮቲን በቆሎና ጤፍ የሚጎድላቸውን ላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል፤ እህሎቹ በበኩላቸው የምስርን ጉድለት ይሞላሉ። ምስርን በእንጀራ መብላት የጀመረው ማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ላቦራቶሪ ሳይኖረው ልክ ነበር።

ታዲያ ምስር በየቤቱ እያለ ለምን ከስጋ እኩል አልተቆጠረም? መልሱ የጾም ምግብ መሆኑ ነው። ኦርቶዶክሳዊው ቤት ምስር ወጥን የሚያውቀው በዘይት፣ በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ምስሩም አብሮ ይሰናበታል። በወላይታ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከዞኑ ነዋሪ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነው። የፕሮቴስታንቱ ቤት የዓመቱን ግማሽ የሚሸፍን የጾም ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ ስለዚህ ምስርን በግድ ወደ ድስት የሚያስገባ ቀንም የለውም። ሁለቱም ቤቶች የሚያነብቡት መጽሐፍም ለምስር አላገዘውም፤ ኤሳው ብኩርናውን የሸጠው በምስር ወጥ መሆኑን የሰንበት ትምህርት የተማረ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ታሪክ ሁሉም ኤሳውን ይወቅሳል፣ ያዕቆብ የሠራው ወጥ ምን ያህል ቢጣፍጥ ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ምስርን ስጋ ለማስመሰል መሞከርም የሚያዋጣ አይመስልም። አገሩ በማስመሰል አይታማም፤ የሽምብራ አሳ አለ፣ ከሽምብራ ዱቄት በአሳ ቅርጽ ተቆርጦ የሚጠበስ፣ በጾም ገበታ ላይ ዓይንን የሚያታልል። ነገር ግን ጥሬ ስጋ የሚያውቅ የወላይታ ሶዶ ሰው ፊት «ይኸው ስጋ» ተብሎ ምስር ቢቀርብ ሳቅ እንጂ ምራቅ አያመጣም። የሚያዋጣው ምስርን ከጾም ማውጣት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከወላይታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ለስጋው ክብር የሰጡት ሁለቱ ነገሮች፣ ቅቤውና ዳጣው፣ እዚያው ናቸው።

ነገሩ ከሽንኩርቱ ይጀምራል። ቀይ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ፣ ዘይትም ቅቤም ሳይነካው፣ በዝግታ ይቁላላል። በርበሬ ይገባና ጠብ ጠብ በሚል ውኃ ይበስላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። ዘይት በሚገባበት ሰዓት ነጥሮ የተቀመጠ ቅቤ ይግባ። ከዚያ የታጠበ የምስር ክክ ተጨምሮ ሙቅ ውኃ ይከለስበታል፤ ክክ ስለሆነ መዘፍዘፍ አያሻውም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበስላል። ከሰል የምትገዛ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ቦሎቄ የሚፈጀውን እሳት ከእሷ በላይ የሚቆጥር የለም። ሲወርድ ኮረሪማ ነስነስ፣ ከጎኑ ዳጣ።

ዳጣው ለጣዕም ብቻ አይደለም። በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንደ ስጋው ብረት በቀላሉ አይቀበለውም፤ ቫይታሚን ሲ ያለበት ነገር አብሮ ሲበላ ግን መቀበሉ ይጨምራል። ዳጣ ደግሞ ሳይበስል የተወቀጠ ቃሪያ ነው። በተቃራኒው ቡና ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ ሲጠጣ ሰውነት ብረቱን መቀበሉን ይቀንሳል። ምሳ ሳይነሳ ጀበና በሚጣድበት አገር ይህን መናገር ድፍረት ነው፤ ቢሆንም አንድ ሰዓት መቆየት ቡናውን አያበላሸውም።

ስጋ ጨርሶ መተው ለማይሆንለት ቤትም መንገድ አለ። ግማሽ ኪሎ ስጋ የሚወስድ ምንቸት አብሽ በሩብ ኪሎ ይሠራ፤ የቀረውን ቦታ ድፍን ምስር ይያዝ። ድፍኑ ለብቻው ተቀቅሎ ሳይፈርስ ይወጣል፣ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ይደረግና ስጋው ቁሌቱን ከጠጣ በኋላ ይቀላቀላል። ክክ እዚህ አይሆንም፤ ሟሙቶ ወጡን ገንፎ ያደርገዋል። ልጆች ልዩነቱን ቢያውቁ እንኳ፣ የምስር ሳምቡሳ እየገዙ ያደጉ ናቸውና ቅሬታቸው ብዙ አይቆይም።

ምስር ግን ሁሉን አይፈታም። ቫይታሚን ቢ12 የለውም፤ እሱ ከወተት፣ ከዕንቁላል ወይም ከዚያው ከጊፋታው ስጋ መምጣት አለበት። ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። የወላይታ ምድር የቦሎቄ እንጂ የምስር አገር አይደለምና ምስሩ የሚመጣው ከሸዋና ከወሎ መረሬ መሬት ነው፤ ከውጭ የሚገባም አለ። በዓለም ምስርን ወደ ውጭ በመላክ ቀዳሚዋ ካናዳ ናት፣ አብዛኛውም የሚበቅለው ሳስካችዋን በተባለው ግዛቷ ነው። የዚያው ግዛት ዩኒቨርሲቲ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በደቡብ ኢትዮጵያ የጥራጥሬ ምርትና አመጋገብ ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ሥራው ያተኮረው ግን እዚሁ በሚበቅሉት በቦሎቄና በሽምብራ ላይ ነበር። ያ ልክ ነው። ምስር በተወደደበት ሳምንት ከማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ በዚሁ ቁሌት፣ በዚሁ ቅቤ ይሠራል፤ እሳቱ ብቻ ይረዝማል።

ለጊፋታው በሬ የሚጠራቀመው ገንዘብ አይነካ፤ ማንም እንዲነካው አልተጠየቀም። ጥያቄው ስለሚመጣው ማክሰኞ ነው፦ ጾም ባልሆነ ቀን፣ ከልካይ በሌለበት፣ አንድ ድስት ምስር በቅቤ ጣዱ። ዳጣውን አትርሱ፣ ቡናውን ትንሽ አቆዩ።