ሞተሩን ሲጠብቅ የቀረው «ተኩላ»

እ.ኤ.አ. በ1938 መገባደጃ በፓሪስ የአቪዬሽን ዐውደ ርእይ ፖላንድ ካሳየቻቸው አውሮፕላኖች አንዱ፣ ባለሁለት ሞተሩ ከባድ ተዋጊ ፒ.ዜድ.ኤል. 38 ነበር። ስሙ «ቪልክ»፣ ማለትም «ተኩላ» ነው። ከሙከራ ደረጃ ሳያልፍ መቅረቱን አንዳንዶች በጦርነቱ ያሳብባሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጦርነቱ ሲፈነዳ «ተኩላ» አስቀድሞ ተትቶ ነበር።

ንድፉን የመሩት ኢንጂነር ፍራንቺሼክ ሚሽታል አውሮፕላኑን የቀረጹት ገና ባልተጠናቀቀው «ፎካ» በተባለ የአገር ውስጥ ሞተር ዙሪያ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። «ፎካ» ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ተገልብጦ የተተከለ የ«ቪ» ቅርጽ ሞተር ነበር። ፊቱ ጠባብ በመሆኑ የአየር መጎተትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ከኋላ ያሉትን ሲሊንደሮች ማቀዝቀዝ አስቸጋሪ ነው። ነዳፊው ስታኒስዋቭ ኖቭኩንስኪ በ1936 በታትራ ተራሮች ላይ ሲወጡ በደረሰ አደጋ ሞቱ። ሞተሩም የታሰበለትን ኃይል አላገኘም።

በመሆኑም «ተኩላ» በግንቦት 1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እያንዳንዳቸው 450 የፈረስ ጉልበት ገደማ ባላቸው የአሜሪካ «ሬንጀር» ሞተሮች ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ465 ኪሎ ሜትር ገደማ አልዘለለም። በ1939 የጀርመን ሜሰርሽሚት 109 ግን ከ550 በላይ ይበር ነበር።

የራስን ሞተር መመኘት ስሕተት አልነበረም፤ የፖላንድ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩት በእንግሊዙ ብሪስቶል ፈቃድ ነበርና። የሚወቀሰው ቅደም ተከተሉ ነው። የአውሮፕላን አካል በሁለት ሦስት ዓመት ይደርሳል፤ ሞተር ግን በመፈተሻ ጠረጴዛ ላይ እየተሰበረ፣ እየተጠገነ ነው የሚበስለው። ደግሞም ሞተር መቀየር ጎማ እንደመቀየር አይደለም፦ ክብደቱ፣ የሚዛን ማእከሉ፣ ሽፋኑ፣ ማሰሪያው ሁሉ አብሮ ይለወጣል። በምሕንድስና ተማሪነቴ ይህን የተረዳሁት ስሌቴን ሦስት ጊዜ ከደገምሁ በኋላ ነው።

ሚሽታል በተተኪው «ላምፓርት» የመረጡት የፈረንሳዩን ኖም-ሮን ሞተር ነበር። ምርጫው ትክክል ነበር፤ የዘገየ ቢሆንም። በሴፕቴምበር 1939 «ላምፓርት» ገና በግንባታ ላይ ሳለ፣ ወደ ሰማይ የወጡት እግራቸው የማይታጠፍ አሮጌዎቹ ፒ.11 ተዋጊዎች ነበሩ።