ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ውሃችሁን እወቁ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ኪችን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የውሃ ማጣሪያ ልግዛ ወይ? የትኛውስ ይሻላል?» ብዙዎቻችሁ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱና ከመተሐራ ናችሁ። ስለዚህ የዛሬው መልስ በተለይ ለእናንተ ነው።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። «የትኛውን ማሽን ልግዛ?» ከማለት በፊት «የምጠጣው ውሃ ውስጥ ምን አለ?» ማለት ይቀድማል። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ሁለት ዓይነት ችግር አለው፤ አንዱ ጀርም ነው፣ ሌላው ፍሎራይድ። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ማጣሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን አይነኩትም።

ፍሎራይድ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ነው። ውሃ ከመሬት ሥር በአለቱ መሀል ሲያልፍ ያሟሟውና ይዞት ይወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ኩልል ያለ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ።

በትንሹ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል፤ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ፍሎሮሲስ የሚባለውን ችግር ያመጣል። የልጆች ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት ጊዜ፣ በተለይ እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ብዙ ፍሎራይድ ከገባ ጥርሱ ሲወጣ ነጠብጣብ፣ ቡናማ፣ አንዳንዴም የተቦረቦረ ይሆናል። «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» እየተባሉ ያደጉ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ስንት ወጣቶች አሉ መሰላችሁ! ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ የውሃው ነው። የጥርስ ሐኪም መልኩን ሊያሻሽለው ይችላል፤ ወደ ነበረበት የሚመልሰው መድኃኒት ግን የለም።

ነገሩ ጥርስ ላይ ብቻ ቢቆም ጥሩ ነበር። ለአዳማ ቅርብ የሆነችውን ወንጂን አስቡ። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ሠራተኛውና ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት የጠጣው ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ነበር። ረጅም ዓመት ከጠጡት መካከል አጥንትና መገጣጠሚያቸው የደረቀ፣ አንገትና ወገባቸውን ማዞር ያቃታቸው፣ ነርቫቸው የተጫነ ሰዎች ተገኝተዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የስምጥ ሸለቆን ፍሎሮሲስ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለዓለም አሳውቀዋል። ስለዚህ ነገሩ አዲስ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ሻጩ «ሰባት ደረጃ ያጣራል» ቢላችሁ ቁጥሩን ተዉትና ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቁ።

• ሙቅና ቀዝቃዛ ብቻ የሚያወጣ ዲስፔንሰር ማጣሪያ አይደለም። የሰጣችሁትን ውሃ ነው የሚመልስላችሁ።
• የሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያ ደለልንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዛል። ፍሎራይድ ያሳልፋል።
• ተራ ካርቦን የክሎሪን ሽታና ጣዕም ያስወግዳል። ለፍሎራይድ አይረባም።
• የዩቪ መብራት ጀርም ይገድላል። ፍሎራይድ ግን ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ አይሞትም።
• አር ኦ፣ ማለትም ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ አብዛኛውን ፍሎራይድ ያስቀራል።
• አክቲቬትድ አሉሚናና የአጥንት ከሰልም ፍሎራይድ ይይዛሉ። ሲጠግቡ ግን መቀየር ወይም መታደስ አለባቸው።

የአጥንት ከሰል ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው አይጠፋም። በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ የከብት አጥንት ነው፤ በአገራችንም ሞጆ ላይ እየተመረተ ለስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች ሲያገለግል ቆይቷል።

«እኔ አፍልቼ ነው የምጠጣው» የምትሉም አላችሁ። ማፍላት ለጀርም ጎበዝ ነው። ለፍሎራይድ ግን ጭራሽ ይብሳል፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር መጠኑ ከፍ ይላል። ውሃ አጋርና ሌሎች የክሎሪን መድኃኒቶችም ጀርም ላይ እንጂ ፍሎራይድ ላይ አይሠሩም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ሻጩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አቅርቦ ኤሌክትሪክ የተያያዘ ብረት ይነክራል። የቧንቧው ውሃ ወዲያው ቡናማ ይሆናል፣ የማሽኑ ውሃ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ደንግጣችሁ ገንዘብ እንዳታወጡ! ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቡናማው ነገር ብረቱ ራሱ እየተበላ የለቀቀው ዝገት ነው። ቲዲኤስ የምትለዋ እስክሪብቶ የምትመስል መለኪያም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር በጅምላ ነው የምትገምተው። ፍሎራይድን ለይታ አትነግራችሁም፣ ጀርምንም አታይም። የፍሎራይድ መጠን በትክክል የሚታወቀው በምርመራ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ውሃችሁ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። የአዳማ ከተማ ቧንቧ በዋናነት ከአዋሽ ወንዝ ተወስዶ የተጣራ ውሃ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ከሚጠጣ ሰፈር ወይም ጊቢው ውስጥ ካስቆፈረ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ማሽን አያስፈልጋችሁም። የከተማችሁን የውሃ አገልግሎት ቢሮ ስለ ፍሎራይድ መጠኑ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የግል ጉድጓድ ካላችሁ አስመርምሩ።

2. ፍሎራይዱ ከጣሪያው በታች ከሆነ ውድ ማሽን አያስፈልጋችሁም። ሮቶውን አጽዱ፣ ጀሪካኑን እጠቡ፣ የምትጠጡትን አፍሉ ወይም በክሎሪን አክሙ። ታጥቦ የማያውቅ ሮቶ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

3. ከጣሪያው በላይ ከሆነ አር ኦ ወይም ለፍሎራይድ የተሠራ ማጣሪያ ግዙ። አቅም ካልፈቀደ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን ብቻ ከተጣራ የከተማ ቧንቧ በጀሪካን አምጡ። በክረምት ንጹሕ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ዝናብ አሳልፉና አፍልታችሁ ጠጡ። ገላና ልብስ በጉድጓዱ ውሃ ይታጠብ።

4. የወጡንም የሻዩንም ውሃ አትርሱ። ወጥ፣ ሾርባ፣ አጥሚት፣ የሕፃን የዱቄት ወተት ሁሉ የሚሠራው በውሃ ነው። ውሃ ብቻ አጣርቶ መጠጣት ግማሽ ሥራ ነው። ቅድሚያ ለልጆቹ ስጡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

5. የገዛችሁትን ተንከባከቡ። ፊልተሩ ቀኑ ካለፈ ራሱ የጀርም ማደሪያ ይሆናል። ስለዚህ ስትገዙ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ መቀየሪያ ፊልተሩ አገር ውስጥ እንደሚገኝና ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ቶሎ ስለሚበከል የዲስፔንሰሩን ታንከርና ቧንቧ አዘውትራችሁ እጠቡ። አር ኦ ደግሞ ብዙ ውሃ ይጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያንን ለወለልና ለሽንት ቤት አጠራቅሙት።

በመጨረሻ ለሻጮችና ለባለሥልጣናት አንድ ቃል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ሰው ካርቶኑ ላይ «ፍሎራይድ ያስወግዳል» ወይም «አያስወግድም» ብሎ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲጽፍ መገደድ አለበት ብዬ አምናለሁ። ደግሞም የእኔ ልጅ ቤት ውስጥ ከአር ኦ ጠጥቶ ትምህርት ቤት ከጉድጓድ የሚጠጣ ከሆነ ምን ተረፈው? ማሽን መግዛት የማይችለው የጎረቤት ልጅስ? ዘላቂው መፍትሔ በየኪችናችን አይገኝም። ከተሞቹና ገጠር ቀበሌዎቹ ፍሎራይዱ ዝቅ ካለ ምንጭ በጋራ ውሃ ሲያገኙ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ በወላጅ ስብሰባ ላይ «የልጆቻችን የመጠጥ ውሃ ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም።

የውሃችሁን የምርመራ ውጤት የያዛችሁ ቁጥሩን በኮመንት ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ለወንጂም ለመቂም ዘመዶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።