ግማሽ ማያ፣ ሙሉ ገጽ፦ በስልክ ስለሚነበቡ መመረቂያ ጽሑፎቻችን

በድኅረ ምረቃ ክፍሎቻችን ዘንድ በስማርት ስልክ ላይ የሚቀርበው ወቀሳ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ትኩረት ይሰርቃል፣ ንባብን ይቆራርጣል፣ ጥልቅ አሳብን ያመክናል ይባላል። አንድ ተማሪ የስልኩን ማያ ገጽ ለሁለት ከፍሎ ሲሠራ ሲታይማ ወቀሳው ይበረታል፤ አንዱን በቅጡ ሳያነብ ሌላውን ደረበ ተብሎ ይታማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሟገተው ወቀሳው ያለ ቦታው መዋሉን ለማሳየት ነው። አንድሮይድ ስልኮች የሚሰጡት የተከፈለ ማያ ገጽ በአግባቡ ሲያዝ የተመራማሪን ትኩረት የሚሰበስብ መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ ከጥቅም ውጭ የሚያደርገውም ከተማሪው ልቡና ይልቅ እኛ ለንባብ የምናቀርብለት ገጽ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ሁለት ሥራዎችን ማፈራረቅ ነው፤ ጽሑፍ እያነበቡ በቴሌግራም ከወዳጅ ጋር እንደ መጨዋወት ያለ። ይህ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ ጥናት ሞልቷል። ሮጀርስና ሞንሴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ከአንድ ቀላል ተግባር ወደ ሌላ ቀላል ተግባር ሲሻገሩ ምላሻቸው እንደሚዘገይ፣ ለመዘጋጃ የሚሆን በቂ ጊዜ ቢሰጣቸው እንኳ መዘግየቱ ፈጽሞ እንደማይጠፋ አሳይተዋል። ሶፊ ሌሮይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሰው አንዱን ሥራ ትቶ ወደ ሌላው ሲያልፍ ከትኩረቱ ከፊሉ በፊተኛው ሥራ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር ጽፋለች። በዚያው ዓመት ኦፊር፣ ናስና ዋግነር ብዙ መገናኛ ብዙኃንን በአንድ ጊዜ የሚከታተሉ ሰዎች አላስፈላጊውን መረጃ ማጣራት ይቸግራቸዋል ሲሉ ያወጡት ጥናት ከሁሉ በላይ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ይህን ጥናት ለመድገም ኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ወጥ ውጤት አላስገኙም፤ የመጀመሪያውን ጠቅሶ የኋለኞቹን መዝለል ለተመራማሪ የሚያኮራ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር አንድን ሥራ ከሁለት ምንጭ መሥራት ነው። ምንጩን ሳያዩ ማስታወሻ መያዝ፣ ሠንጠረዡን ሳያዩ ትንተናውን መከተል፣ የመጀመሪያውን ቋንቋ ሳያዩ ትርጉምን ማረም አይቻልም። እነዚህ በባሕርያቸው ሁለት ገጽ የሚጠይቁ አንድ ሥራዎች ናቸው። ቻንድለርና ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1992 በዚህ ጉዳይ ላይ ባወጡት ጽሑፍ እርስ በርስ ካልተገናዘቡ ትርጉም የማይሰጡ ሁለት መረጃዎች ተራርቀው ሲቀመጡ ተማሪው አንዱን በአእምሮው ይዞ ሌላውን ለመፈለግ እንደሚገደድ፣ ይህም ለመረዳት ሊውል የሚገባውን ኃይል እንደሚያባክንበት አስረድተዋል። ኔልሰን ኮዋን እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳመለከተው የሥራ ትውስታችን በአንድ ጊዜ አጥብቆ የሚይዘው አራት ገደማ ቁራሽ መረጃ ብቻ ነው። የቻንድለርና የስዌለር ምርምር ስለ ስልክ አልነበረም፤ ስለ ሥዕላዊ መግለጫና ስለ ማብራሪያው አቀማመጥ ነበር። ነገር ግን በማይከፈል ማያ ላይ ምንጩን ዘግቶ ማስታወሻውን የሚከፍት፣ ዓረፍተ ነገሩ በመንገድ ላይ ጠፍቶበት ተመልሶ ምንጩን የሚከፍት ተማሪ እነርሱ የገለጹትን ድካም እየደከመ ነው ብል ከመርሁ የወጣሁ አይመስለኝም። ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚቀርለት ይህ ምልልስ ነው። አንዱ ክፍል ምንጭ፣ ሌላው ቴሌግራም ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ዓይነት ተመልሰናል፤ መሣሪያው ያው ነው፣ ሥራው ተለወጠ እንጂ።

ስለ አገልግሎቱ አመጣጥ ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2012 በጋላክሲ ኖት መሣሪያዎቹ ላይ የራሱን ስልት አቅርቦ ነበር፤ የአንድሮይድ ሥርዓት ራሱ አገልግሎቱን የያዘው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 7ኛው ዕትም ነው። ዛሬ በብዙዎቹ ስልኮች አንደኛውን መተግበሪያ ከፍቶ፣ የቅርብ ጊዜ መተግበሪያዎችን ዝርዝር አውጥቶ፣ የመተግበሪያውን ምልክት በመንካት የማያ ክፍፍልን መምረጥና ሁለተኛውን መጨመር ይቻላል። ለሥራችን የሚጠቅም አንድ ለውጥ ግን መጠቀስ አለበት። እስከ 9ኛው ዕትም ድረስ ሁለቱ መስኮቶች ቢታዩም ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ነው ተብሎ የሚቆጠረው ተጠቃሚው የነካው ብቻ ነበር፤ ሌላው ለጊዜው እንደ ቆመ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 10ኛው ዕትም ወዲህ የሚታዩት ሁለቱም መስኮቶች ንቁ ሆነው ይቆያሉ።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከሁለት የጥናት መስኮች ማየት ይቻላል። ቃለ መጠይቅ ቀርጾ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ተማሪ የድምፅ ማጫወቻውን ከላይ፣ ጽሑፉን ከታች ቢያደርግ ማቆሚያውና ወደ ኋላ መመለሻው ምንጊዜም ከጣቱ ሥር ናቸው፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ ሲገለበጥ በመቶዎች ጊዜ የሚደረገው ምልልስ ይቀራል። የፊሎሎጂ ተማሪ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ተጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከተነሡት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። የብራናን ምስል አጉልቶ አንድን መስመር ብቻ በላይኛው ክፍል ማስቀመጥና ያንኑ መስመር በታችኛው ክፍል መገልበጥ ግማሽ ማያ የሚበቃው ሥራ ነው። እንዲያውም የአንዱን መስመር ቃል ወደ ሌላው መስመር አሻግሮ ማንበብ የጥንት ገልባጮች የታወቀ ስሕተት ስለ ሆነ፣ ዓይንን በአንድ መስመር ላይ የሚያስር ጠባብ መስኮት ለዚህ ሥራ ጸጋ ነው።

የዘመናችን መመረቂያ ጽሑፍ ግን በዚህ መስኮት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? ነገሩን በልኬት እንየው። ሰያፍ ልኩ 6.5 ኢንች፣ የቁመቱና የወርዱ ምጣኔ 20 ለ9 የሆነ ማያ ዛሬ የተለመደ ነው። ወርዱ 6.8፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል 6.8 በ7.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ካሬ ለመሆን ጥቂት የቀረው። በዚህ ምክንያት ስልኩን አግድም ማዞር የሚያስገኘው የወርድ ትርፍ ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 21 ሴንቲ ሜትር ወርድ የኤ4 ገጽ በዚህ ክፍል ውስጥ በወርዱ ልክ ሲገባ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል ከ4 ነጥብ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ኅዳጉን አስወጥቶ ጽሑፉን ብቻ በማጉላት የሚገኘው ከ5 ነጥብ ብዙም አይዘልም። በሁለት ዓምድ የሚታተሙ መጽሔቶች በአንጻሩ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ፤ 8.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ዓምድ በ10 ነጥብ ቢጻፍ በግማሽ ማያ ላይ 8 ነጥብ ያህል ሆኖ ይነበባል። በስልክ አይነበብም ተብሎ የሚማረርበት ባለ ሁለት ዓምድ ጽሑፍ ከእኛ ባለ አንድ ዓምድ መመረቂያ ይልቅ ለስልክ ይመቻል ማለት ነው።

የፊደላችን ጠባይ ጉዳዩን ያከብደዋል። የላቲን ጽሑፍ አናባቢን በራሱ ፊደል ሲጽፍ እኛ በፊደሉ እግር፣ ወገብ ወይም ራስ ላይ በምትጨመር ትንሽ ምልክት እንለያለን። በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ፣ ብላ የሚሉት አምስት ቃላት ልዩነታቸው የመጀመሪያው ፊደል የያዛት ጭረት ወይም የእግሩ ማጠርና መርዘም ብቻ ነው። በ4 ነጥብ መጠን፣ ያውም ከወረቀት ላይ በስካነር በተነሣ ደብዛዛ ምስል ላይ፣ ይህች ጭረት ትጠፋለች። ለልማድ አንባቢ ዐውዱ ይረዳዋል። የቃል ግጥም ወይም የቦታ ስም የሚያጠና ተማሪ ግን በዐውድ ሊተማመን አይችልም፤ እርሱ የሚያጠናው ጭረቷን ራሷን ነው።

ከዚህም በላይ ማስታወሻ ለመጻፍ ቁልፍ ሰሌዳው መውጣት አለበት። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ከማያው ታችኛው ክፍል ጉልህ ስፍራ ስለሚወስድ በላይኛው መስኮት ሲጻፍ የታችኛውን ይሸፍናል፤ በታችኛው ሲጻፍ ደግሞ የላይኛው ስፍራ ይጠብባል። በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ ውጫዊ ቁልፍ ሰሌዳ በማገናኛ ገመድ ሲያያዝ ይህ ችግር በአብዛኛው ይቃለላል፤ ለተማሪዎች ከሚሰጡት የስልክ ምክሮች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህን ነው።

የማይቃለለው ሌላ ነው። ከ7ኛው ዕትም ጀምሮ አንድሮይድ ከአንዱ መስኮት ጽሑፍ መርጦ ወደ ሌላው ጎትቶ መጣልን፣ መተግበሪያዎቹ እስከ ደገፉት ድረስ፣ ይፈቅዳል። ጥቅስ ያለ ስሕተት ለማስፈር ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም። ይሁንና ተማሪው የሚያወርደው ጽሑፍ ገጾቹ ምስል ብቻ ከሆኑ የሚመረጥ ነገር የለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ የራሳቸው ኮድ ባላቸው የፊደል ቅርጾች ሲጻፍ ቆይቷል። በእነዚህ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ወደ ሌላው መስኮት ሲጎተት ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ሆኖ ይወድቃል። በቃል ፍለጋም አይገኝም። በሌላ አነጋገር ጽሑፉ በማከማቻው ውስጥ አለ፤ ለአሳሹ ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ፤ ክርክሬ ለማይሆን ዓላማ እንዳይውል እሰጋለሁና። ተማሪዎች ስልክ ካላቸው የኮምፒውተር ክፍል ለምን ያስፈልጋል የሚል አሳብ አልፎ አልፎ ይሰማል። የአንድሮይድ ሥርዓት አነስተኛ የራም መጠን ያላቸው ተብለው በተመደቡ ስልኮች ላይ ማያ መክፈልን አይፈቅድም። ለእነዚህ ስልኮች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው ጎ የተባለው ቀላል ዕትም መጀመሪያ 1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች፣ ኋላም እስከ 2 ጊጋባይት ራም ላላቸው ስልኮች የታሰበ ነበር፤ እነዚህም ከገበያው ርካሾቹ ናቸው። እንግዲህ የግል ኮምፒውተር መግዛት ያልቻለውና በስልኩ ብቻ የሚሠራው ተማሪ፣ ማያ መክፈል ከማይችሉት ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉን መዝጋት በመጀመሪያ የሚጎዳው እርሱን ነው። የተከፈለ ማያ መብራት በጠፋበት ምሽትና በመስክ ሥራ ላይ የሚረዳ መሣሪያ እንጂ የቤተ መጻሕፍት ምትክ አይደለም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የማቀርበው አሳብ ከዚህ ይነሣል። መመረቂያ ጽሑፍ ለማከማቻ ሲገባ ከፒዲኤፉ ጋር በዩኒኮድ የተጻፈና እንደ መስኮቱ ስፋት መስመሩን የሚያስተካክል ዕትም፣ ለምሳሌ በኢፐብ ቅርጽ፣ አብሮ ይግባ። ተማሪው ጽሑፉን ያዘጋጀበት ፋይል በእጁ ስላለ የሚጠየቀው ተጨማሪ ሥራ ጥቂት ነው። በወረቀት ብቻ ለቀሩት የቀድሞ ጽሑፎች አማርኛን የሚያነቡ ክፍት ሶፍትዌሮች፣ ቴሴራክትን የመሳሰሉ፣ አሉ፤ ውጤታቸው እርማት ይፈልጋል፤ ሥራው በአንድ ጊዜ የሚያልቅም አይደለም። ስለዚህ ካለፈው ይልቅ ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች መጀመርን እመርጣለሁ።

ከመምህራን በኩል የሚነሣው ዋና ተቃውሞ የገጽ ቁጥር ነው። መስመሩ እንደ መስኮቱ የሚለዋወጥ ጽሑፍ ቋሚ ገጽ ከሌለው እንዴት ይጠቀሳል? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ፈታኝ ጥቅሱን ማመሳከር ካልቻለ ጥቅሱ ዋጋ የለውምና። መልሱ ግን በቅርጹ ውስጥ አለ። ኢፐብ የታተመው ዕትም ገጽ የሚጀምርበትን ስፍራ ምልክት አድርጎ የመያዝና አንባቢውን በገጽ ቁጥር የመምራት ሥርዓት አለው። ምልክቶቹን ማስገባት ሁለት መቶ ገጽ ላለው ጽሑፍ የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው። ማን ይሥራው፣ ተማሪው፣ ትምህርት ክፍሉ ወይስ ቤተ መጻሕፍቱ የሚለው ገና ሊወሰን ይገባል፤ በእኔ አስተያየት ለሁሉም ጽሑፍ ወጥ ሆኖ እንዲሠራ ቤተ መጻሕፍቱ ቢይዘው ይሻላል። ተማሪው በርክክቡ ቅጽ ላይ ፒዲኤፉ ካለበት መስመር ቀጥሎ የጽሑፍ ፋይሉን የሚያስገባበት ሌላ መስመር ቢጨመርለት ለመነሻ ይበቃል።