የቀርከሃው ብቅል

ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ካታሊስት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙን አልሰማ ይሆናል እንጂ። ብቅል ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ራሱ ግን በሥራው አያልቅም። ዱቄቱን ያለ ብቅል ቢዘፈዝፉት ይኮመጥጣል እንጂ ጠላ አይወጣውም።

ይህን ያነሳሁት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለውን ሸርቆሌን እያሰብኩ ነው። የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተከፈተ። ዛሬም ስደተኛውና የአካባቢው ሰው የሚሻሙት አንድ ነገር ቢኖር የማገዶ እንጨት ነው። ህዳሴ ግድብ የቆመው በዚሁ ክልል፣ ጉባ ላይ መሆኑን ሳስብ ጭሱ የበለጠ ዓይኔን ይቆጠቁጠዋል።

ከዕፅዋት ነዳጅ የማውጣቱ ሐሳብ አዲስ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ሲያወጣ ወሬው ሁሉ ፍሬው ዘይት ስለሚሰጠው ጃትሮፋና ስለ ሄክታር ነበር። ዘይቱ ነዳጅ ስለሚሆንበት ድስት የጠየቀ ጥቂት ነው። ዘይቱን ከሜታኖል ጋር አዋህዶ ባዮዲዝል የሚያደርገው ካታሊስት ብዙ ጊዜ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ፍሬው ከርሞ ዘይቱ አሲድ ከበዛበት ግን ሶዳው ነዳጁን ትቶ ሳሙና ይሠራል።

የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል የቀለለው የሚሠራበት ሞላሰስ ስኳሩ የተዘጋጀ ስለሆነ ነው፤ እርሾ ይበቃዋል። በሸርቆሌ አካባቢ የሚታሰበው ቀርከሃ ግን እንዲህ አይደለም። ስኳሩን በሴሉሎስ ቆልፎ ላዩን በሊግኒን ለስኖታል። ልስኑ በሙቀት ወይም በአሲድ ከላላ በኋላ ቁልፉን የሚከፍተው ሴሉሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። የዚህ ኢንዛይም ዋና አምራች የሆነው ሻጋታ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር ድንኳን ሲበላ ነው። አጥፊው ተይዞ ሠራተኛ ሆነ!

ስለዚህ ዛሬ ለሸርቆሌ የቀርከሃ ኢታኖል ቃል የሚገባን ማንም አይመነው። ኢንዛይሙን ከውጭ እየገዙ የሚወጣ ኢታኖል ዋጋው ለእናቶች ምድጃ የሚቀመስ አይደለም። ለጊዜው ከቀርከሃ ከሰል የተጠፈጠፈ ብሪኬትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይሻላል።

የቆላ ቀርከሃ ግን ዘመኑን ጠብቆ ሲያብብ በጅምላ ይደርቃል፤ ሬሳውንም ሻጋታ ይበላዋል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ በመጪው ክረምት ተማሪዎቻችሁን ብልቃጥ አስይዛችሁ ወደ ደረቀው ቀርከሃ ላኩልን፤ የሚበላውን ሻጋታ ይዘው ይምጡ።